ምዕራፍ ስድስት፦ እጅ ያለፈበት ቦታ

አንድ ዕቃ የጥንት መሆኑን ለማወቅ አብዛኞቻችን የምናየው መልኩን ነው። ከጠቆረ፣ ከተሰነጠቀ፣ ቀለሙ ከደበዘዘ «ይህማ የጥንት ነው» እንላለን። ሻጩም ይህን አሳምሮ ስለሚያውቅ ብዙ ጊዜ የሚሸጥልን እርጅናን ሳይሆን የእርጅናን መልክ ነው። በምዕራፍ ሁለት የመልካ ቁንጡሬን የድንጋይ መሣሪያዎች ስንመለከት ግን ተመራማሪዎች ከሌላ ጥያቄ እንደሚነሡ አይተናል። ባልጩቱን በእጃቸው ይዘው መጀመሪያ የሚጠይቁት «የትኛው ጠርዙ ተበላ?» ብለው ነው። ስንት ዘመኑ ነው የሚለው ኋላ ይመጣል።

በዚህ ምዕራፍ ያንኑ ጥያቄ ከቤተ ሙከራ አውጥተን ለአንድ ቀን ሽርሽር እንወስደዋለን። ጠዋት ታሪክ ያላት አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጥንት ዕቃ የሚሸጥባቸው ሱቆች እንገባለን። ይዘነው የምንሄደው ሐሳብ አንድ ብቻ ነው፦ ዘመን ዕቃን በሁሉም በኩል እኩል አያስረጅም። ሰው የያዘው፣ የተቀመጠበት፣ ያንጠለጠለው፣ የሳመው ቦታ ከሌላው ተለይቶ ይበላል። ስለዚህ የዕቃ እርጅና ሲመረመር መጠየቅ ያለበት «ምን ያህል አርጅቷል?» ሳይሆን «የት የት ላይ አርጅቷል?» ተብሎ ነው።

የተጫሙት ጫማ

ዓመት ሁለት ዓመት የተጫማነውን ጫማ ገልብጠን እንየው። ታኮው በአንድ ጎኑ ተበልቷል፤ እንደየሰዉ አረማመድ ወይ በውጭ ወይ በውስጥ በኩል። ጣት በሚታጠፍበት ቦታ ቆዳው ተሸብሽቧል። ውስጡ የእግራችንን ቅርጽ ይዟል። ከታኮው ፊት ለፊት ያለው፣ መሬት የማይነካው የሶሉ ክፍል ግን አዲስ ሳለ እንደነበረው ነው፤ የፋብሪካው ጽሑፍ እንኳ ይነበባል።

አሁን ሌላ ሰው አዲስ ጫማ ገዝቶ በብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን ቢፍቀውና አቧራ ቢያስቅመው አስቡት። ከሩቅ ሲያዩት ያው አሮጌ ጫማ ነው። ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን መሬት የማይነካው ቦታም ተፍቋል፤ ታኮው በሁለቱም ጎን እኩል ተበልቷል፤ የጣቱ ቦታ አልተሸበሸበም። ጫማው አርጅቷል፣ የተራመደበት ሰው ግን የለም።

የዚህ ምዕራፍ ትምህርት በሙሉ በሁለቱ ጫማዎች ልዩነት ውስጥ ይገኛል። በአገልግሎት የመጣ እርጅና ምክንያት አለው፤ እያንዳንዱ የተበላ ቦታ ከአንድ የሰውነት ክፍል ወይም ከአንድ እንቅስቃሴ ጋር ይገጥማል። ለገበያ ተብሎ የመጣ እርጅና ግን የሚፈልገው ዓይንን ማሳመን ብቻ ስለሆነ በየቦታው ይለቀለቃል። ያልተነካ ቦታ መተው ለአስመሳዩ ከባድ ነው፤ የትኛው ቦታ እንደማይነካ ለማወቅ ዕቃውን ሲገለገልበት መኖር ያስፈልገዋልና።

ይህን ንባብ ወደ ሳይንስ ደረጃ ያደረሰው የሶቪየት ኅብረቱ አርኪዮሎጂስት ሰርጌይ ሴሜኖቭ ነው። የጥንት የድንጋይና የአጥንት መሣሪያዎችን በማይክሮስኮፕ እየመረመረ ጠርዛቸው ላይ ያሉ ጭረቶችና ልስላሴዎች መሣሪያው ለምን ሥራ እንደዋለ እንደሚያሳዩ በ1957 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አስረዳ። መንገዱ ሲነገር ቀላል ነው። መጀመሪያ አዲስ የድንጋይ መሣሪያ ሠርቶ ቆዳ መፋቅ፣ እንጨት መላግ፣ ሥጋ መቁረጥ፤ ቀጥሎ እያንዳንዱ ሥራ የተወውን ዱካ መመዝገብ፤ በመጨረሻ ያንን ዱካ በጥንታዊው መሣሪያ ላይ መፈለግ። ከሚታወቀው ተነሥቶ ወደማይታወቀው መሄድ ማለት ነው።

አገራችን በዚህ ዘርፍ የተለየ ቦታ አላት። በኮንሶ ቆዳ የሚፍቁ ሴቶች የድንጋይ መፋቂያ እየሠሩ ሲገለገሉበት ተመራማሪዎች አጠገባቸው ተቀምጠው አጥንተዋል። ድንጋዩ አዲስ ሳለ ምን እንደሚመስል፣ በምን ዓይነት ቆዳ ላይ እንዴት እንደሚደነዝ፣ መቼ እንደሚሳልና መቼ እንደሚጣል የሚያውቁት ባለሙያዎቹ ሴቶች ናቸው። በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ያስቆጠረ መፋቂያ የሚነበበው እንዲህ ባለ ሕያው ዕውቀት ተመዝኖ ነው።

ጠዋት፦ አዲስ ዓለም

የእኛም ቀን በዚያው ሥርዓት ይሂድ። ሱቅ ከመግባታችን በፊት አገልግሎቱ የሚታወቅ ዕቃ ማየት አለብን። ለዚህ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በአምቦ መንገድ፣ ሆለታን አለፍ ብላ የምትገኘው አዲስ ዓለም ትመቻለች። ርቀቷ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት ተነሥቶ ሳይጣደፉ ደርሶ ለመመለስ ይበቃል።

ከተማዪቱ ራሷ ታሪኳ በአንድ ወቅት የተቀየረ ናት። በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እያለቀባት ሲሄድ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደዚህ ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት አስጀመሩ። በኋላ ግን በፍጥነት የሚያድገው ባሕር ዛፍ የእንጨቱን ችግር አቃለለው፤ አዲስ አበባም ዋና ከተማ ሆና ቀረች። በአዲስ ዓለም ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሥራ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዛሬም በኮረብታው ላይ ትታያለች፤ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተጠበቁ ንዋያተ ቅድሳትና መገልገያዎችም በዚያው ይገኛሉ።

እንዲህ ወዳለ ቦታ ስንሄድ የብዙዎቻችን ዓይን ቶሎ ወደ ወርቁና ወደ ሥዕሉ ይሮጣል። ለዛሬው ትምህርት ግን ከሁሉ በፊት በሩ ላይ እንቁም። በየትኛውም ዕድሜ ጠገብ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ደጃፉን ይሳለማሉ። መቃኑን ከታች እስከ ላይ ብንመለከት የሚያብረቀርቀው ክፍል ብዙ ጊዜ ግንባርና ከንፈር በሚደርስበት ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ በላይ ያለው እንጨት ደረቅ ነው፤ የመጥረቢያ ወይም የመላጊያ ምልክት ሳይጠፋበት ይቀራል። በሰው ቁመት ልክ የተወለወለ መቃን ማለት በትውልድ መካከል ስንት ሰው እንደቆመበት የሚናገር መዝገብ ማለት ነው። በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትም ወለሉ በእግር ብዛት የለሰለሰው መተላለፊያው ላይ ነው፤ ሰው የማይረግጠው ጥግ የመሮውን ፈለግ ይዞ ይኖራል።

ከበሩ አልፈን የማኅሌቱን ዕቃዎች እንይ። እነዚህ የተሻለ ትምህርት የሚሰጡን አሁንም አገልግሎት ላይ በመሆናቸው ነው። መቋሚያው ብብት የሚያርፍበት አናቱና እጅ የሚጨብጠው ዘንጉ ለስልሰው ጠቁረዋል፤ ወለል የሚመታው ጫፉ ደግሞ ተሰባብሯል ወይም ተበልቷል። በከበሮው ቆዳ ላይ መዳፍ የሚያርፍበት ቦታ ከዳሩ ይለያል። የጸናጽሉ እጀታ ሲያብረቀርቅ ከፍ ብሎ ያለው፣ እጅ የማይደርስበት ክፍሉ ደብዝዞ ይታያል። ዕቃው የሚወጣበት በዓል ላይ ከተገኘን ደግሞ ዱካውንም ዱካውን የሚተወውን እጅም አንድ ላይ እናያለን። ይህ ሴሜኖቭ በሙከራ የፈለገው ነገር ነው።

እዚህ ላይ ጥያቄ መጠየቅ ነውር የለበትም። ዕቃውን የሚጠብቁትን አባት በአክብሮት ቀርቦ «አባታችን፣ ይህ መስቀል የሚያዘው በየት በኩል ነው? ሕዝቡስ የሚሳለመው የቱን ነው?» ቢሏቸው ከማንኛውም መጽሐፍ የተሻለ መልስ ይሰጣሉ። መልሱን ሰምተን ዓይናችንን ወደ መስቀሉ ስንመልስ ቅድም ያላየነው የተበላ ቦታ ወዲያው ይገለጥልናል። በእጅ ግን አንንካ፤ የእጃችን ላብና ቅባት ነገ ሌላ ሰው ሊያነበው የሚገባውን ጽሑፍ ይደልዘዋል።

1780 የሚለው ቁጥር

ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ተመልሰን በቸርችል ጎዳና ዳር ካሉት ቅርሳ ቅርስ መሸጫዎች አንዱ ውስጥ ስንገባ ከመስታወቱ ሥር በብዛት የምናገኘው ጠገራ ብር ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል በአንድ ገጹ፣ ባለሁለት ራሱ ንስር በሌላው ገጹ አለ። ከንስሩ ጎን ደግሞ 1780 የሚል ዓመት ይነበባል። ገዢው ቁጥሩን አይቶ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሆነው ብር» ብሎ ይደነቃል።

ቁጥሩ ግን የዚያን ብር ዕድሜ አይናገርም። 1780 እ.ኤ.አ. ማሪያ ቴሬዛ የሞቱበት ዓመት ነው። ብሩ በቀይ ባሕር ዙሪያና በእኛ አገር ነጋዴዎች ዘንድ እጅግ ከመታመኑ የተነሣ መልኩ ቢቀየር የሚቀበለው ስለማይገኝ ከሞታቸው በኋላም በዚያው ዓመትና በዚያው ምስል መቀረጹን ቀጠለ። በቪየና ብቻ አልነበረም። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት በ1935 እ.ኤ.አ. መቅረጫውን ከኦስትሪያ ወስዳ በሮም ማውጣት ጀመረች፤ ከዚያ ወዲያ በለንደንና በቦምቤይም ተቀርጿል። ቪየና ዛሬም ድረስ ታወጣዋለች። ሁሉም ክብደታቸው 28 ግራም ያህል ነው፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው፤ ሁሉም 1780 ይላሉ። ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸው መልክ ያለበትን ብር በፓሪስ አስቀርጸው ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ቢያወጡም ጠገራው ከገበያ አልወጣም። በአዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ የተተካው በ1937 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ የተጻፈው ቁጥር ካልረዳን የሚቀረን ዱካው ነው። ከእጅ እጅ ሲዘዋወር የኖረ ብር መጀመሪያ የሚበላው ከፍ ብሎ የወጣው ምስሉ ነው፦ የንግሥቲቱ ፀጉርና ትከሻ፣ የንስሩ ደረት። በፊደላቱ ሥር ባለው ጎድጓዳ ቦታ ግን ጥቁረት ይቀራል። የጥንት ነጋዴዎቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ብር ሲቀበሉ በንግሥቲቱ ራስ ጌጥና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉት ትናንሽ ዕንቁዎች በግልጽ ካልታዩ አንቀበልም ይሉ እንደነበር በየዘመኑ የመጡ ተጓዦች ጽፈዋል። ዱካ ማንበብ ለእነዚያ ነጋዴዎች የዕለት እንጀራቸው ነበር።

አንዳንዱ ብር ደግሞ ሌላ ሕይወት ኖሯል። ከአናቱ ማንጠልጠያ ተበይዶለት በአንገት ጌጥነት ያገለገለውን ገልብጠን ብናየው ሁለቱ ገጾቹ እኩል አልተበሉም። ደረትና ልብስ ሲያሻሸው የኖረው ገጹ ለስልሷል፤ ወደ ውጭ የሚያየው ገጽ ምስሉን ይዟል። ገበያ የዋለ ብር በሁለቱም በኩል ይበላል፤ ደረት ላይ የዋለ በአንድ በኩል። ቁጥራቸው አንድ ነው፣ ሕይወታቸው ግን ለየቅል ነው፤ ይህንንም የነገረን ዱካው ብቻ ነው።

መስቀሉና በርጩማው

ከብሩ ቀጥለን የአንገት መስቀል እንጠይቅ። ብዙዎቹ የቆዩ የብር መስቀሎች አንጥረኞች ጠገራ ብር አቅልጠው የሠሯቸው ናቸው። መስቀሉን መዳፋችን ላይ አድርገን የስልካችንን መብራት ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ዝቅ አድርገን እናብራበት። ከጎን የመጣ ብርሃን ትንሿን ጭረት ሁሉ ጥላ እንዲኖራት ያደርጋል።

መጀመሪያ ማንጠልጠያውን እንይ። ማተብ ለዓመታት ያለፈበት ቀለበት ውስጡ፣ በላይኛው ጠርዙ ላይ ተበልቶ ይሳሳል፤ ክሩ የተቀመጠበት ትንሽ ቦይ ይኖራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የመስቀሉ ክብደት በሙሉ የሚያርፈው እዚያ ነጥብ ላይ ነው። ቀጥሎ ጀርባውን እንይ። ደረት ላይ የኖረ መስቀል ጀርባው ልሙጥ ነው፤ ጠርዙና ማዕዘኑ ደንዝዟል። በመጨረሻ ፊቱ ላይ ያለውን ሐረግ እንመርምር። የመስመሮቹ ሥር ጥቁር፣ ከፍ ያለው ገጽ ግን ነጣ ያለ መሆን አለበት።

ይህ ጥቁረት እንዴት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ብር በአየር ውስጥ ካለ የድኝ ውሑድ ጋር ሲገናኝ በገጹ ላይ ብር ሰልፋይድ የሚባል ጥቁር ስስ ሽፋን ይፈጠራል። ይህ ሽፋን በሁሉም ቦታ ይፈጠራል፤ ልብስና ጣት ግን ከፍ ካለው ገጽ ላይ ዘወትር ያነሡታል። ስለዚህ ጥቁሩና ነጩ የሚለያዩበት ድንበር የሚሰመረው በአገልግሎት ነው። ባለሙያዎች እንዲህ በዘመንና በእጅ ብዛት የሚመጣውን ገጽ ፓቲና ይሉታል። ትናንት ቀልጦ ተሠርቶ በኬሚካል የጠቆረ መስቀል ከሥር እስከ ላይ ይጠቁራል፤ የተሻለ ጥበበኛ ሲሆን ደግሞ ፊቱን ወልወል ያደርገዋል። የማንጠልጠያውን የውስጥ ጠርዝ በክር ማስበላት ግን ትዕግሥት ስለሚጠይቅ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ቀለበቱ ክብ፣ ወፍራምና እንደ አዲስ ከሆነ መስቀሉ ከሐረጉ መጥቆር ጋር የማይገጥም ታሪክ እያወራ ነው።

በርጩማም እንዲሁ ይነበባል። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሻጩን አስፈቅደን እንገልብጠው። ከላይ መቀመጫው መሐሉ ጎድጉዶ ለስልሷል፤ ሰው ከቦታ ቦታ ሲያነሣው የሚይዘው ዳሩ ጠቁሯል፤ እግሮቹ መሬት የሚነኩበት ጠርዝ ተበልቶ ክብ ሆኗል። ከመቀመጫው በታች ያለው ሆድ ግን ማንም የማይነካው ስለሆነ የጠራቢውን ምልክት እንደያዘ መድረቅ አለበት። ሆዱም እንደ መቀመጫው የሚያብረቀርቅ፣ በጥርቡ ፈለግ ውስጥ የጫማ ቀለም የተጠራቀመበት ከሆነ ያው በብርጭቆ ወረቀት የተፈቀው ጫማ ነው። በደቡብና በምዕራብ የአገራችን ክፍል ሰዎች ለራስ መደገፊያነት የሚጠቀሙበት እንጨትም ይህንኑ ይመሰክራል፤ ፀጉሩ ቅቤ የተቀባ ራስ ያረፈበት አናቱ ቅባቱን ጠጥቶ ይጠቁራል፤ እግሩ ግን ያን ያህል አይጠቁርም።

ለዚህ ሁሉ ጊዜ ያስፈልጋል። ዱካ ለሚቸኩል ሰው አይታይም። አንድ ቀን ሙሉ ሰጥቶ ሁለትና ሦስት ዕቃ በደንብ ማየት፣ አሥር ሱቅ ዞሮ መቶ ዕቃ ከማየት የበለጠ ያስተምራል።

ቀለሙ ከእድፉ በላይ ነው ወይስ በታች?

በምዕራፍ ሦስት የአፈር ድርብርቦችን ስናጠና ከሥር ያለው ቀድሞ እንደተቀመጠ፣ ከላይ ያለው ኋላ እንደመጣ ተረድተናል። ይኸው ሕግ በአንድ የብራና ገጽ ላይም ይሠራል፤ ልዩነቱ ድርብርቡ ከፀጉር የሳሳ መሆኑ ነው።

ብዙ የተነበበ ብራና ገጹ የሚገለጥበት የታችኛው ማዕዘን በጣት ቅባት ይጠቁራል። አልፎ አልፎ የጧፍ ጠብታ ይገኛል። በየቀኑ የሚደገሙ ክፍሎች ከሌሎቹ ይበልጥ ያድፋሉ። ካትሪን ሩዲ የተባለች የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪ ይህንን በመሣሪያ ለካችው። የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ የጸሎት መጻሕፍትን ወስዳ፣ የአንድን ገጽ የጥቁረት መጠን በሚለካ ዴንሲቶሜትር በሚባል መሣሪያ የየገጹን እድፍ መዘገበች። በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት አንባቢዎቹ የትኛውን ጸሎት አብዝተው ይደግሙ እንደነበር ከእድፉ መጠን ማወቅ እንደሚቻል አሳየች። በብዛት ከተነኩት መካከል ከወረርሽኝ ይጠብቃል ተብሎ ወደሚታመነው ወደ ቅዱስ ሰባስትያን የሚጸለየው ጸሎት ይገኝበታል። የጥንት ሰዎች የፈሩትን ነገር ማንም ሳይጽፈው ጣታቸው ጽፎታል።

በሱቆቻችን ግን እድፉ እውነተኛ ሆኖ ዕቃው የሚያሳስትበት ጊዜ አለ። ከቆየ መጽሐፍ የተነቀለ እውነተኛ ብራና ላይ ዛሬ ሥዕል ተሥሎ ይሸጣል። ብራናው አሮጌ ነው፣ ጽሑፉም አሮጌ ነው፤ ሥዕሉ ግን የቅርብ ጊዜ ነው። ይህን የምናውቀው በድርብርቡ ቅደም ተከተል ነው። ሥዕሉ ከመጽሐፉ ጋር አብሮ የኖረ ከሆነ እድፉ፣ የጣቱ ቅባትና የውኃው ነጠብጣብ ከቀለሙ በላይ ማለፍ አለባቸው። ቀለሙ በእድፉ ላይ ተደርቦ ደማቅና ንጹሕ ሆኖ ከቆመ፣ ወይም ከሥዕሉ ሥር ፊደል ብቅ ካለ፣ ሥዕሉ ኋላ የመጣ እንግዳ ነው። በብራናው መሐል የነበረ ስንጥቅ ውስጥ ቀለም ገብቶ ከተገኘም ስንጥቁ ከሥዕሉ ይቀድማል ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ቅጠል ከማሳዘን በቀር የሚሰጠው ደስታ የለም። ስንት ዓመት የተነበበ መጽሐፍ ተበትኗል። የተቆረጠው ገጽ ከፊቱና ከኋላው ካለው ጋር ሲገናኝ ሊነግረን ይችል የነበረው የንባብ ታሪክ አብሮ ጠፍቷል። አንድ ገጽ ብቻውን «አድፌያለሁ» ይላል እንጂ ከጓደኞቹ ይልቅ ይበልጥ ወይም ያነሰ ማደፉን መናገር አይችልም።

ዱካ የማይመልሰው ጥያቄ

እስካሁን የዱካን ኃይል አይተናል፤ አሁን ወሰኑን እንይ። ዱካ ዓመተ ምሕረት አይነግርም። ብዙ ሰው በሚውልበት ቤት ያለ በርጩማ በአሥር ዓመት ውስጥ ሊጎደጉድ ይችላል፤ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ የኖረ መስቀል ደግሞ ከመቶ ዓመት በኋላም ጠርዙ ስለት ሊሆን ይችላል። ዱካ የሚነግረን ዕቃው ምን ያህል እንደኖረ ሳይሆን እንዴት እንደኖረ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዱካ ስም የለውም። ማተቡ ቀለበቱን እንደበላው እናውቃለን፤ መስቀሉን ያሰረው ማን እንደነበር ግን ብሩ አይናገርም።

ይህን ክፍተት የሚሞላው የዕቃው የትመጣ ነው፦ ማን ሠራው፣ ማን ያዘው፣ ከማን ወደ ማን አለፈ፣ የት ኖረ የሚለው ሰንሰለት። ሱቅ ስንገባ ከዋጋው በፊት «ጋሼ፣ ይህ ከየት ነው የመጣው?» ብለን መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው። «ከገጠር» የሚለው መልስ በቂ አይደለም። ከየትኛው ወረዳ፣ ከየትኛው ቤት፣ በማን እጅ? መልሱ በታጣ ቁጥር ከፊታችን ያለው ዕቃ ከሆነ ቦታ ያለፈቃድ የወጣ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ተገቢ ነው።

ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1997 እ.ኤ.አ. ከቤተ ክርስቲያኑ ተሰርቆ ቤልጂየም ድረስ ሄዶ ነበር፤ የተመለሰው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። በኔዘርላንድስ የሚኖረው ሲራክ አስፋው በ1998 እ.ኤ.አ. አንድ እንግዳ ይዞት በመጣ ሻንጣ ውስጥ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ ዘውድ አገኘ። ዘውዱ ከትግራዩ ጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የጠፋ ነበር። ሲራክ እንዲወሰድ አልፈቀደም፤ ከሃያ ዓመት በላይ ጠብቆ በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረገው፤ በየካቲት 2012 ዓ.ም. ዘውዱ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ይህ ሰው ያዳነው ብረቱን ብቻ አይደለም። ዘውዱ «ከጨለቆት» የሚለውን ስሙን ይዞ መመለሱ ከነታሪኩ አኖረው። በአንድ ሰብሳቢ ሳሎን ተቀምጦ ቢቀር ኖሮ ዱካውን ያዘለ፣ ነገር ግን የማን መሆኑ የማይታወቅ ጌጥ ይሆን ነበር።

ሕጉም ከዚሁ ሐሳብ ጋር ይሄዳል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ከሚመለከተው የመንግሥት አካል ፈቃድ ውጭ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ከውጭ ለእረፍት መጥተው ለቤታቸው ማስታወሻ የሚፈልጉ ወገኖቻችን ይህን አስቀድመው ቢያውቁ መልካም ነው። የእጅ ባለሙያ አዲስ የሠራውን በርጩማ፣ መሶብ ወይም መስቀል በአዲስነቱ መግዛት ማንንም አይጎዳም፤ ሠሪውን ይጠቅማል። የዚያን ዕቃ ዱካም ገዢው ራሱ ከዛሬ ጀምሮ ይጽፈዋል።

በቤታችን ያለው ዕቃ

ከሽርሽሩ ስንመለስ የተማርነውን የምንሠራበት ቅርቡ ቦታ ቤታችን ነው። የአያት ሙቀጫ፣ የብር መስቀል፣ ዳዊት፣ አሮጌ ጀበና ያለበት ቤት ብዙ ነው። ሁለት ነገሮችን አጥብቀን እንያዝ።

የመጀመሪያው አለመወልወል ነው። በዓል ሲመጣ ብር በዱቄትና በሳሙና ተፈግፍጎ ሲያበራ ደስ ይላል፤ በየፍግፈጋው ግን ከጥቁሩ ሽፋን ጋር ትንሽ ብር አብሮ ይነሣል፤ ሐረጉ ይሳሳል፤ የባለቤቱ ደረት የተወው ልስላሴና የእኛ ፍግፈጋ ተቀላቅለው መለየት ያቅታል። በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ አቧራውን ማንሣት ይበቃል። ብራና ደግሞ እርጥብ ጨርቅ አይነካውም፤ ቆዳ ስለሆነ ውኃ ሲያገኝ ይኮማተራል፣ ቀለሙም ይለቃል። የጠቆረው የገጹ ማዕዘን መጥፋት ያለበት ቆሻሻ አይደለም፤ ያነበቡት ሰዎች ማስረጃ ነው።

ሁለተኛው መጻፍ ነው። ዱካው ሥራውን ይነግረናል፤ ስሙን የሚነግሩን ግን በሕይወት ያሉ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ሁልጊዜ አብረውን አይኖሩም። አያት፣ አክስት፣ ታላቅ ወንድም እያሉ በእያንዳንዱ ዕቃ አጠገብ ተቀምጦ «እማማ፣ ይህ የማን ነበር? ከየት መጣ? መቼ ነው የምትይዙት?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ከነቀኑ በወረቀት መመዝገብ ያስፈልጋል። ወረቀቱ ከዕቃው ጋር በአንድ ሳጥን ይቀመጥ፤ ዕቃው ላይ ግን አይለጠፍ። ፎቶግራፍ ሲነሣም ፊቱ ብቻ ሳይሆን ጀርባው፣ ሥሩና የተበላው ቦታ ይነሣ።

በሚቀጥለው ምዕራፍ ዓይን የማይደርስበትን የሚያዩ መሣሪያዎችን፣ ራጅንና የካርቦን ልኬትን እንመለከታለን። እነዚያ መሣሪያዎች የእንጨትን ዕድሜና የብረትን ቅልቅል ሊነግሩን ይችላሉ። ዛሬ በአንድ ወረቀት ላይ የምንጽፈውን የባለቤቱን ስም ግን አንዳቸውም ፈልገው ሊያገኙት አይችሉም።